ትንግርት እና ዞራ ዞራ የምትደርሰው ጀልባ

ልጆች፣ ቀረብ በሉ። በዓይኔ ያየሁት አንድ ነገር አለ፣ እሱን ልንገራችሁ።

ሐሜት አይደለም። ሐሜት ቢሆንማ በሹክሹክታ ነበር የምነግራችሁ።

እኔ እትዬ አንጓች ነኝ። ቤቴ ጣና ሐይቅ ዳር ነው፣ ከነትንግርት ቤት ጋር አጥር ለአጥር።

አጥራችን ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። እኔ አልቀደድኩትም፣ ግን አይበታለሁ።

ትንግርት ዓይኗ ትልልቅ፣ እሷ ትንሽዬ ልጅ ናት። ከእናቷ ከብርቄና ከሕፃን ወንድሟ ጋር ትኖራለች።

ትንግርት ታማ ነበር። ጉንፋን እንዳይመስላችሁ፣ ደሟ ውስጥ የገባ ከባድ ሕመም ነው።

ሐኪም ቤት ብዙ ተኛች። መርፌ ተወጋች፣ መራራ መድኃኒት ዋጠች፣ ጸጉሯም እልም ብሎ ረገፈ።

አሁን ግን ቤቷ ተመልሳለች። ጸጉሯም እንደ ጤፍ ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሏል።

ታዲያ የት ተቀምጣ ብትውል ጥሩ ነው? የበሩ ደፍ ላይ!

አንድ እግሯ ቤት ውስጥ፣ አንድ እግሯ ደጅ።

ደጅ የሰፈር ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ። መሬት ላይ በከሰል ያሰምራሉ፣ ከዚያ በአንድ እግር ይዘላሉ።

ዱብ! ዱብ! ዱብ!

ትንግርትን መዝለል አማራት። ግን አልወጣችም።

«ለምን አትወጪም?» አልኳት በቀዳዳው።

«እትዬ አንጓች፣ ድኛለሁ ወይስ ታምሜያለሁ?» አለችኝ።

«ሐኪሙ ‹ድነሻል› አሉኝ። ደግሞ ‹ተመልሰሽ ነይ› አሉኝ።

«እማዬ ‹ድነሻል› አለችኝ። ደግሞ ‹እንዳትሮጪ› አለችኝ።

«ድኜ ከሆነ ወጥቼ ልዝለል። ታምሜ ከሆነ ገብቼ ልተኛ።»

ሁለት እጇን ጉንጮቿ ላይ አደረገች። «ኧረ ግራ ገባኝ!» አለች።

እኔ ምን ልበላት? እኔም ግራ ገባኝ።

መቼም እኛ ሰፈር ሰው ሲታመም ይጠየቃል። ብርቱካን ይዘን እንሄዳለን፣ አልጋው አጠገብ እንቀመጣለን፣ ከንፈር እንመጥጣለን።

እምጵ! እምጵ! እምጵ! እስቲ እናንተም ሞክሩት።

ትንግርት ቤቷ ከተመለሰች በኋላም መጠየቃችንን አልተውንም። ዛሬ እነ እገሌ፣ ነገ እነ እገሊት።

«ውይ የኔ ልጅ! ከሳሽ! ጠቆርሽ!» እምጵ! እምጵ! እምጵ!

እኔማ ከሁሉም እበልጣለሁ። ጠዋት ሄጄ እጠይቃታለሁ፣ ማታም ሄጄ እጠይቃታለሁ።

የብርቱካኑ ነገር! አልጋው ሥር ብርቱካን፣ መስኮቱ ላይ ብርቱካን፣ ድመቷም ብርቱካን ላይ ነው የምትተኛው።

ትንግርት ብርቱካኑን ሁሉ አየችው። «ድኜ ከሆነ ለምን ትጠይቁኛላችሁ? ኧረ ግራ ገባኝ!»

አንድ ቀን ነርሷ፣ ሲስተር ፋንታነሽ፣ ወደነትንግርት ቤት መጣች። እኔም በቀዳዳው አየኋት።

«ቅዳሜ ጠዋት ከሕመም የተነሡትን ልጆች በጀልባ ልንወስዳቸው ነው» አለች። «ከትንግርት ጋር አንድ ትልቅ ሰው ይምጣ።»

ብርቄ ሕፃኑን አየችው። ሕፃኑ ጡቷን ይዞ አልለቅ ብሏል።

«እኔ አለሁ!» አልኩ።

ሲስተር ፋንታነሽ ክው አለች። «እንዴ! አጥሩ ተናገረ?»

«አጥሩ አይደለም» አለች ትንግርት። «እትዬ አንጓች ናቸው።»

ቅዳሜ ደረሰ። እኔም ተሰናዳሁ።

ጋቢ ያዝኩ። ትራስ ያዝኩ። ብርቱካን ያዝኩ። ደግሞ ትልቅ ቢጫ ጀሪካን ያዝኩ።

ሲስተር ፋንታነሽ ሐይቁ ዳር ቆማ አየችኝ። «እትዬ፣ ባዶ ጀሪካን ለምንዎ ነው?»

«ለጠበሉ ነዋ!»

«የምን ጠበል?»

«ልጆች ታመው ተነሡ። በጣና ላይ በጀልባ ይሄዳሉ። እንግዲህ ወዴት ይሄዳሉ? ወደ ገዳሙ፣ ወደ ጠበሉ ነዋ! እኔም ቀድቼ ልመለስ ብዬ ነው።»

ሲስተር ፋንታነሽ ሳቋን ዋጥ አደረገችው። «ዛሬስ ለሽርሽር ነው፣ እትዬ። በዳር በዳሩ እስከ ዋርካው ሄደን እንመለሳለን።»

«ዋርካው ጋ ምን አለ?»

«ዋርካ።»

«ዋርካ ብቻ?»

«ዋርካ ብቻ።»

ያለ ጉዳይ ሄዶ፣ ያለ ጉዳይ መመለስ! «ኧረ ግራ ገባኝ!» አልኩ።

ትንግርት ኪኪኪ ብላ ሳቀች። ከሐኪም ቤት ከወጣች ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ጀልባዋ የእንጨት ጀልባ ናት። መሐሏ ላይ ረጅም ምሰሶ፣ ምሰሶው ላይ ትልቅ ሸራ።

ሸራው ተጥፏል። አንድ ቦታ በቀይ፣ አንድ ቦታ በሰማያዊ፣ አንድ ቦታ ደግሞ አበባ ባለው መጋረጃ።

ባለጀልባው ጋሽ ይርዳው ይባላሉ። ድሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከበኛ ነበሩ፣ አሁን ጢማቸው ነጭ ነው።

ስለ እሳቸው ሌላም የምሰማው ነገር አለ። ግን እሱ ለእናንተ አይሆንም፣ እንለፈው።

ሁላችንም ብርቱካናማ ሰደርያ ለበስን። ውሃ ውስጥ ቢወድቁ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ነው።

«አሁንስ እኛው ራሳችን ብርቱካን ሆንን!» አለ አንድ ልጅ።

ይሄ ልጅ ከድር ይባላል። እሱም ታሞ የተነሣ ነው፣ አፉ ግን አንድም ቀን ታሞ አያውቅም።

«ሞተሩ የት አለ?» ብላ ጠየቀች ትንግርት።

«ሞተር የለንም» አሉ ጋሽ ይርዳው።

«ታዲያ ማን ይገፋናል?»

«እሱ» አሉና በስተኋላችን አሳዩን።

ዞር ብለን አየን። ማንም የለም!

ከዚያ ሸራው ፐር! ፐር! ፐር! አለ። ነፋሱ ገባበትና ቧ! ብሎ ተነፋ።

ጀልባዋ ሄደች! ቿ! ቿ! ቿ! አለ ውሃው።

«የማይታይ ነገር ገፋን!» አለች ትንግርት። «ኧረ ግራ ገባኝ!»

እኔ ጀሪካኔን እቅፍ አደረግሁ። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ እሱ እንዳይፈራ ብዬ ነው።

ትንግርት ወደ ዳር አየች። «እትዬ! ዛፎቹ እየሄዱ ነው!»

«ቤቶቹም እየሄዱ ነው! ያቺ ላምም ሳትራመድ እየሄደች ነው!»

«ሞኝ!» አለ ከድር። «የምንሄደው እኛ ነን!»

«እኛማ ተቀምጠናል!»

«ተቀምጠን ነው የምንሄደው!»

«ተቀምጦ ይኬዳል እንዴ?»

ከድር አሰበ፣ አሰበ። «ኧረ እኔም ግራ ገባኝ!» አለ።

አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳው አጠገባችን አለፈ። የተጣፈውን ሸራችንን አይቶ፣ «ጋሽ ይርዳው! ልብስ አጥበው ሊያሰጡ ነው?» አለ።

«አዎ! እስኪደርቅ ዋርካው ጋ ያደርሰናል!» አሉ ጋሽ ይርዳው።

ዋርካው ጋ ደረስን። ትልቅ ነው፣ ጥላው ውሃው ላይ ተኝቷል።

ጋሽ ይርዳው ጀልባዋን ጠጋ አደረጓት። ትንግርት እጇን ዘርግታ አንድ ቅጠል ቀጠፈች።

ብርቱካን ላጥን፣ በላን። የብርቱካኑ ፍሬ ወደ ውሃው ጡብ! ጡብ! አለ።

«በሉ፣ ወደ ቤት» አሉ ጋሽ ይርዳው።

የነትንግርት ቤት ጣሪያ ሰማያዊ ነው። ከዚያ ሲያዩት ከሩቅ፣ ትንሽዬ ሆኖ ይታያል።

ጀልባዋ ዞረች። ግን ወደ ሰማያዊው ጣሪያ አይደለም፣ ወደ ሐይቁ መሐል!

ትንግርት ብድግ አለች። «ቤታችን እዚያ ነው! ወዴት ነው የምትወስዱን?»

«ነፋሱ ከቤታችሁ በኩል ነው የሚመጣው» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ፊት ለፊት እንሂድ ብንል ወደኋላ ይገፋናል።»

«ታዲያስ?»

«አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ። ዞረን ዞረን እንደርሳለን።»

ያ ትልቁ የትንግርት ዓይን እንባ ሞላ።

ለምን መሰላችሁ? ሐኪም ቤት የወሰዷት ቀንም «ወዲያው ትመለሻለሽ» ብለዋት ነበር።

እሷም ከመኪናው መስኮት ሰማያዊውን ጣሪያ እያየች ሄደች። ወዲያው ግን አልተመለሰችም፣ ቆየች፣ በጣም ቆየች።

«ወዲያው ትደርሻለሽ እንዳትሉኝ!» አለች እያለቀሰች።

እኔ ከንፈሬን ለመምጠጥ አዘጋጀሁ። ጋሽ ይርዳው ግን አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«ወዲያው አልልሽም» አሏት። «ቆይቶ ነው የምንደርሰው።»

ትንግርት ማልቀሷን ገታ አደረገች። እስከዚያ ቀን «ቆይቶ» ያላት ሰው አልነበረም።

«አሁን ትንሿን ጣትሽን ወደ ጣሪያው ዘርጊ። አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ። ጣሪያው ይታይሻል?»

ትንግርት ትንሿን ጣቷን ዘረጋች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

«አይታየኝም። ጣቴ ሸፈነው።»

«ጥሩ። እያየሽ ንገሪኝ፣ ጣሪያውን የምትለኪው አንቺ ነሽ።

«ሌላም ሥራ አለሽ። ጀልባዋ ስትዞር ይሄ እንጨት ያልፋል፣ ያን ጊዜ ‹ጎንበስ!› በይ።»

እንጨቱ ከሸራው ሥር አግድም የታሰረ ነው። ጀልባዋ ስትዞር ዥውውው! ብሎ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል።

«ኧረ እሷስ አትጩህ፣ ትደክማለች!» አልኩ እኔ።

«ካልጮኸች እርስዎን ይመታዎታል» አሉኝ።

የመጀመሪያው መዞሪያ ደረሰ። ትንግርት አፏን ከፈተች።

«ጎንበስ…» አለች። የትንኝ ድምፅ ይበልጣል።

ዥውውው! እንጨቱ የከድርን ኮፍያ ጠለዘው። ኮፍያው በረረ፣ በረረና ጀሪካኔ ላይ ቁጭ አለ።

«ጸጉሬን ወሰደብኝ!» ብሎ ጮኸ ከድር፣ ጸጉር የሌለው ራሱን ይዞ። «ጀሪካኑ ጸጉሬን አደረገው!»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ትንግርትም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

ደግሞ ወዲያ ሄድን። ደግሞ ወዲህ ልንዞር ነው።

«ጎንበስ!» አለች ትንግርት። አሁን እንኳ ድመት ታክላለች።

ሁሉም ጎንበስ አለ። ዥውውው! እንጨቱ አለፈ፣ ማንንም አልነካም።

ትንግርት ጣቷን ዘረጋች። «ጋሽ ይርዳው! ጣሪያው ከትንሿ ጣቴ ወጣ! በዚህ በኩልም በዚያ በኩልም ይታያል!»

«በይ እንግዲህ በአውራ ጣትሽ ለኪው።»

አውራ ጣቷ ሸፈነው።

ደግሞ ወዲያ። ቤቱን ጥለን ወደ መሐል።

ትንግርት አላለቀሰችም። ግን ግንባሯን ቋጠረች።

«ጋሽ ይርዳው፣ ወደ ቤት ጀርባችንን ሰጥተናል። ግን እየደረስን ነው?»

«ጣትሽን ጠይቂው።»

«ኧረ ግራ ገባኝ!» አለች። ግን ጣቷን አዘጋጀች።

እኔ በዚያን ጊዜ ከሲስተር ፋንታነሽ ጋር ወሬ ይዣለሁ። ስለ ባለሱቁ ሚስት አዲስ ጫማ ነው፣ እሱ ደግሞ ደስ የሚል ወሬ ነው።

«ጎንበስ!» አለች ትንግርት። አሁን አንበሳ አክላለች!

ጋሽ ይርዳው ጎንበስ አሉ። ሲስተር ፋንታነሽ ጎንበስ አለች። ከድርና ልጆቹ ጎንበስ አሉ።

እኔ፣ «ጫማውማ ተረከዙ ይሄን ያህል…» እያልኩ ነበር።

ዥውውው! ኳ!

ኮከብ አየሁ፣ በጠራራ ፀሐይ! ከዚያ ጀሪካኔን እንዳቀፍኩ ዘፍ አልኩ።

ግንባሬ ላይ እብጠት ወጣ። ምን የሚያህል? ብርቱካን የሚያህል።

«እትዬ! ጮኼ ነበርኮ!» አለች ትንግርት።

«ጮኸሻል፣ ልጄ» አልኳት። «ሐይቁ ማዶ ድረስ ነው የጮኽሽው።»

ትንግርት ኮራች። አንድ ዓይኗን ጨፍና አውራ ጣቷን ዘረጋች።

«ጋሽ ይርዳው! ጣሪያው ከአውራ ጣቴም ወጣ! በሩም ይታያል! እማዬም ትታያለች!»

ከዚያ እጇን አወረደች። ውሃው ቿ! ቿ! ቿ! ይላል፣ እሷ ታስባለች።

«ጋሽ ይርዳው፣ ባለፈው ተሻለኝ። ትላንት ደግሞ አመመኝ። ዛሬ ደግሞ አላመመኝም። እኔም እየዞርኩ ነው?»

ጋሽ ይርዳው ጢማቸውን አሹት። «እኔ የማውቀው ጀልባ ነው፣ ልጄ። ሲስተርን ጠይቂያት።»

ሲስተር ፋንታነሽ የትንግርትን እጅ ያዘች። ከንፈሯን አልመጠጠችም።

«አዎ፣ እየዞርሽ ነው» አለቻት። «አንዳንድ ቀን ቤቱን ጥለሽ የምትሄጂ ይመስልሻል። ግን እየመጣሽ ነው።»

«ቆይቶ ነው የምደርሰው?»

«ቆይቶ ነው።»

ትንግርት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ «ጎንበስ!» አለች።

እኔ ከሁሉም ቀድሜ ጎንበስ አልኩ።

ጀልባዋ ዳር ደረሰች። ሲጥጥጥ… ጓ!

ብርቄ ሕፃኑን አዝላ ቆማለች። «እልልልል!» አለች፣ ሕፃኑም በጀርባዋ ላይ ሆኖ ጮኸ።

እኔ ግን መሬት ላይ ቆሜም መሬቱ ይዞራል። ራሴን ጥፍር አድርጌ በሻሽ አሰርኩና ገብቼ ተኛሁ።

አልጋው ወዲያ ሄደ። አልጋው ወዲህ መጣ።

ባዶ ጀሪካኔም አጠገቤ ቆሟል። የከድርን ኮፍያ አድርጎ!

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሩ ኳ! ኳ! አለ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ትንግርት።»

በሩ ሲጥ ብሎ ተከፈተ። ትንግርት በቀሚሷ ብርቱካን ቋጥራ ገባች።

«እትዬ አንጓች፣ ልጠይቅዎ መጣሁ።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች። እጆቿን አጣምራ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችኝ።

«ውይ እትዬ! ከሱ! ጠቆሩ!»

እምጵ! እምጵ! እምጵ!

ሳቄ መጣ። ስስቅ ግንባሬን አመመኝ፣ ሲያመኝ ደግሞ ሳቅሁ።

«ተሻለዎት?» አለችኝ።

«ተሽሎኝ ነበር። ደግሞ ዞረብኝ። ደግሞ ተሻለኝ።»

«አይዞዎት» አለች። «ዞረው ዞረው ይደርሳሉ።»

ብርቱካን መላጥ ጀመረች። መሐል ላይ ግን እጇ ቀጥ አለ፣ ዓይኗም ፈጠጠ።

«እትዬ፣ የተኛው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ብርቱካን ይዞ የመጣው ማን ነው?»

«አንቺ።»

«የቤታችንን ደፍ ብቻውን የተሻገረው ማን ነው?»

ከአልጋዬ ላይ ቀና አልኩ። እውነትም! የእነሱን ደፍ ተሻግራ፣ የእኔንም ደፍ ተሻግራለች።

«አንቺ!» አልኳት። «ሁለቱንም እግርሽን ይዘሽ!»

«እንግዲያው ድኛለሁ!» አለችና ዘለለች። ብርቱካኑ ሁሉ ከቀሚሷ ወድቆ ዱብ! ዱብ! ዱብ! አለ።

ደግሞ ቆም አለች። «ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።»

«አዎ፣ ትሄጃለሽ።»

«ድኜ?»

«ድነሽ።»

«ድኜ ሐኪም ቤት?»

እሷ እኔን አየች፣ እኔም እሷን አየሁ። «ኧረ ግራ ገባን!» አልን አብረን።

ደጅ ልጆች ይጫወታሉ። አንዷ በቤቴ በር በኩል አሾለቀችና ትንግርትን ቆማ አየቻት።

«ትንግርት! ድነሻል እንዴ? ትጫወቻለሽ?»

«ቆይቶ ነው የምድነው» አለች ትንግርት። «አሁን ግን እጫወታለሁ።»

ወጣች። እኔም ራሴን እንደያዝኩ ወደ አጥሬ ሄድኩ።

ዱብ! ዱብ! ዘለለች። ደከማትና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣችና ደግሞ ዱብ! ዱብ!

ስትቀመጥ ከንፈሬ ሊመጠጥ ሲል ያዝኩት። ብርቱካን ጎረስኩበት።

መሸ። ልጆች ወደየቤታቸው ገቡ።

የነትንግርት መስኮት ክፍት ነው፣ መብራቱም በርቷል። ቀዳዳው ደግሞ መስኮቱ ፊት ለፊት ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?

ብርቄ ልጇን አልጋ ውስጥ አስገባች። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት።

የዋርካው ቅጠል ትራሷ አጠገብ ነው። ድመቷም አሁን ብርቱካን ላይ ሳይሆን እግሯ ሥር ተኝታለች።

«እማዬ» አለች ትንግርት በቀስታ።

«ወዬ፣ የኔ ዓለም?»

«ጎንበስ!»

ብርቄ ጎንበስ አለች። ትንግርትም እናቷን ግንባሯ ላይ ሳመቻት።

ከዚያ አንድ ዓይኗን ጨፍና አውራ ጣቷን ወደ እናቷ ዘረጋች። ጣቷ የእናቷን ፊት ሊሸፍን ሞከረ፣ አልቻለም፤ እናቷ በጣም ቅርብ ናት።

«ደረስኩ» አለች ትንግርት። ሁለተኛውንም ዓይኗን ጨፈነችና ተኛች።

እኔም ቀዳዳውን በአንድ ብርቱካን ውትፍ አደረግሁት።

እስከ ጠዋት ብቻ ነው።